የአስያ ሐሙስ፣ የያለምወርቅ እሑድ

ደምበጫ ውስጥ ቁርአን የሚቀሩ ሴቶች ልጆች ጥቂት ነበሩ። ከነሱም አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ያላቋረጠችው አስያ ብቻ ነበረች። እኩዮቿ አንድ በአንድ ሲዳሩ፣ የአቡጀዲና የቡልኮ ነጋዴ የሆነው አባቷ አብዱረዛቅ «ሳታኸትም ከቤቴ አትወጣም» እያለ ጠያቂዎቹን ሁሉ መለሰ። ማኽተም ማለት ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መጨረስ ነው።

የአስያ ሳምንት ቅዳሜ ይጀምራል። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሎሁን፣ ማለትም በጥላሸት ቀለም የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ሼህ አብዱልቃኒ ግቢ ትሄዳለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተመልሳ ከእናቷ ከመዲና ጋር ጥጥ ትፈትላለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሚሰገደው ከአሱር ሶላት በኋላ ደግሞ ያጠናችውን ለሼሁ ታሰማለች። ሐሙስ ጧት ያለፈው ሁሉ ይከለሳል፤ ቀትር ላይ ሎሁ ይታጠባል፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ትምህርት የለም። ጁምዓ ግን የሶላትና የዘመድ ቀን ስለሆነ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ሴት ልጅም ከጓዳ አትወጣም። ስለዚህ አስያ የራሴ የምትለው ጊዜ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ያለው ብቻ ነበር። እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች፤ ውኃውን እስክትቀዳ ድረስ ጀምበሯ ታዘቀዝቃለች። እናቷም የት ቆየሽ ብላ አትጠይቃትም።

ያለምወርቅን ያወቀቻት እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ያለምወርቅ ከኮረብታው ማዶ ባለ መንደር የሚኖር ደምለው የሚባል ገበሬ ልጅ ናት። አስያን በአንድ ዓመት ትበልጣለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ቤቱ በእሷ ጫንቃ ላይ ነበር፤ ትፈጫለች፣ ታርማለች፣ ትፈትላለች። ታዲያ አጎቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ወንድሞቿን ፊደል ሲያስቆጥሩ ከኋላ ተቀምጣ እየሰማች ከወንድሞቿ ቀድማ ያወቀች ልጅ ናት። መሪጌታም ነገሩን ካዩ በኋላ ዳዊት አስጀመሯት። የሥራ ቀን ማታ ማታ ጥቂት ታሰማቸዋለች። እሑድና በወሩ በዓላት፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ፣ እጅ ሥራ ስለማይነካ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀኑ የሷ ነው።

ሁለቱ ልጃገረዶች ገና በመጀመሪያው ቀን ተዋደዱ፤ ሳምንታቸው ግን አልተዋደደም። አስያ ሐሙስ ስትፈታ ያለምወርቅ ማሳ ላይ ናት። ያለምወርቅ እሑድ ስታርፍ አስያ ከሼሁ ፊት ወይ ከእንዝርቷ ጋር ናት። በዓል ሐሙስ ላይ የዋለ ዕለት ብቻ አብረው ይቀመጣሉ፤ ሌላ ጊዜ እንስራ ለእንስራ ተያይተው ሁለት ሦስት ቃል ተለዋውጠው ይለያያሉ።

ከወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከነሱ በፊት የነበሩ ልጆች የገበጣ ጉድጓድ ፈልፍለውበታል። አንድ ሐሙስ የጀመሩትን ጨዋታ ሳይጨርሱ መሸባቸውና ጠጠሮቹን እንዳሉ ትተው ሄዱ። እሑድ ያለምወርቅ ብቻዋን መጥታ ተራዋን ተጫወተች። በቀጣዩ ሐሙስ አስያ ብቻዋን መጣች፤ የጓደኛዋን አካሄድ አጥንታ፣ ረጅም ጊዜ አስባ፣ በተራዋ ተጫወተችና ከብት እንዳይረግጠው በቅርንጫፍ ሸፍናው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። አንዱ ጨዋታ ወር ይፈጅ ነበር። ስታረጅ ስለዚያ ስታወራ አስያ «ሰው ሳይኖር ከሰው ጋር መጫወት እንዲህ ደስ እንደሚል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር» ትል ነበር።

ጣልያን ጎጃም ከገባ ወዲህ ደምበጫም ኮረብታዋ ላይ ምሽግ ተሠራባት። ጧትና ማታ ጥሩምባ ይነፋል፤ መንገድ ይጠረጋል፤ ገበያው ጣልያን ከሌላ አገር ባመጣው ቅጥር ወታደር፣ በአስካሪ፣ ይሞላል። ጣልያኖቹ ለእስላሙ የተለየ ፊት ያሳዩ ጀመር። ክርስቲያኑም ያንን አይቶ የእስላም ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። አብዱረዛቅ ይህ ነገር አላማረውም። ቤቱ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ሰውዬ እንግዳ ነው፤ ይሄዳል። እኛ ደግሞ እዚሁ ነን» ይል ነበር።

በ1930 ዓ.ም. ነገሩ ከረረ። መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ገበሬው እምቢ አለ። የያለምወርቅ አባት ደምለውም ሁለት ወንዶች ልጆቹን አስከትሎ ዱር ቤቴ አለ። ያለምወርቅን ያጫት ልጅም አብሯቸው ወጣ፤ ለጥር የታሰበው ሰርግ ቀረ። አስያ ይህን የሰማችው ከገበያ ወሬ ነው። ሐሙስ ወንዝ ስትወርድ ጠጠሮቹ ባለፈው እንደተወቻቸው ነበሩ። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ። ግንቦት ላይ ከኮረብታው ማዶ ጭስ ወጣ፤ ሲጨስ ውሎ ሲጨስ አደረ። ሰውም ከግቢው ቆሞ አየ።

ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን መዲናና አስያ እንጨት ተራ ሲያልፉ፣ የማገዶ ሸክሟን አውርዳ ከተቀመጠች ልጅ ፊት አስያ ቀጥ አለች። ያለምወርቅ ነበረች። ከንፈሯ ደርቆ፣ ቀሚሷ ጫፉ ተቃጥሎ፣ ቀና ብላ አየቻትና አንገቷን ደፋች።

መዲና የልጇን ክንድ ያዝ አደረገች። ከዚያ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ «ይህ እንጨትሽ እርጥብ ይመስላል። ግቢ ድረስ አምጪልኝና አይተን እንነጋገራለን» አለች።

ግቢ ገብተው በሩ ሲዘጋ ያለምወርቅ ሸክሟን እንኳ ሳታወርድ ተናገረች። መንደሩ ተቃጥሏል። አባቷና ወንድሞቿ የት እንዳሉ አታውቅም። አጎቷ መሪጌታ ጥቂት ሰዎች ይዘው ጫካ ገብተዋል፤ እሷን ግን «ወዳጅ ካለሽ ሂጂ፤ ክረምቱን እዚህ አትችይውም» ብለው ሰደዋታል።

አብዱረዛቅ ከሱቅ ሲመለስ ልጅቷን አያት፤ ሚስቱንም አያት። ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። የሽፍታ ልጅ መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

«ወሎ ያለችው እህትሽ ሴት ልጅ የላትም?» አለ በመጨረሻ መዲናን።

«የላትም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አላት። ስሟም ዘይነባ ነው።»

ደግነቱ ያለምወርቅ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አልነበራትም። ሻሹን መዲና ራሷ አሰረችላት። የቀረው ማተቧ ነበር። ያለምወርቅ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ መዲና «ማን ፍቺው አለሽ?» አለቻት፤ ጥቁሩን ክር በሌላ ክር ቀጥላ አስረዘመችውና ከቀሚሷ ሥር ወደ ደረቷ አወረደችላት።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታቸው የማይገናኝ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ጓዳ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሰርግ ነበሩ። መሬቱን ፈልፍለው በባቄላ ገበጣ ተጫወቱ። ግን ወንዝ ዳር ወር የሚፈጀው ጨዋታ እዚህ ምሳ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። ደግመው ጀመሩ፤ እሱም አለቀ። በሳምንቱ ባቄላውን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ጊዜ ባልነበራቸው ዘመን ሲመኙት የነበረው ጊዜ ሞልቶ ሲመጣላቸው ምን እንደሚያደርጉበት አላወቁም።

አስያ ጧትና ማታ ወደ ሼሁ ትሄዳለች። ያለምወርቅ ግን ከግቢው አትወጣም። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር ትተኛለች፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አትተኛም። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብላ ጠይቃ፣ ከተነገራት በኋላ ከሰዓት መልሳ ትጠይቃለች። ሰኔ ሚካኤል ሳታውቀው አለፈ። ይህንን ያወቀች ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች፤ እህልም አልቀመሰች።

በማግስቱ አስያ ከቁርአን ቤት ስትመለስ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ከነገ ጀምሮ እኔ ስነሣ አንቺም ትነሺያለሽ» አለቻት። «እኔ ሼሁ ዘንድ ስሆን አንቺ ዳዊትሽን በቃልሽ ድገሚ። ስመለስ ታሰሚኛለሽ።»

«ምን ልትሰሚ? አንድ ቃል አታውቂ።»

«ቃሉን አላውቅም። ስትሳሳቺ ግን ፊትሽ ይነግረኛል።»

ያለምወርቅ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጧት ለየትምህርታቸው፣ ከዚያ እስከ አሱር ለጥጥ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ያለምወርቅ ለአስያ ፊደል የምታስቆጥርበት ሰዓት ሆነ። ሐሙስ ቀትር ላይ ሁሉም ይጣላል፤ ሹሩባ ይሠራራሉ፣ ባቄላው ይመጣል፣ ወይ ዝም ብለው ይጋደማሉ። ገበጣውም እንደገና ይጣፍጥ ጀመር። ቀኖቹን ያለምወርቅ በጣቷ እየቆጠረች ዐሥራ ሁለትን፣ ሃያ አንድን፣ ሃያ ዘጠኝን ያዘች። የአስያ ጁምዓ የአስያ ነበረ፤ የያለምወርቅ እሑድም የያለምወርቅ።

ሁለቱ ጥጡን የሚፈትሉት ውጭ፣ ብርሃን ባለበት፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ታየች የምትባል ባልቴት ትኖራለች። ክርስቲያን ናት፤ ለምሽጉ ሰዎች ጠላ ትሸጣለች፤ ስለዚህም ብዙ ሰው አያምናትም። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ታየች ወንፊት ልትዋስ መጣች። ወንፊቱን ተቀብላ መሄድ ሲገባት ቆም አለች።

«መዲና፣ የእህትሽን ልጅ እሑድ እሑድ እጇን ያማታል ወይ?»

መዲና ወደ በሩ ቃኘት አደረገች። «ምነው?»

«ከአጥሬ ሆኜ አያለሁ። ሰኞም ሁለት እንዝርት ይሾራል፤ ማክሰኞም። እሑድ ግን አንዱ ብቻ ነው። ባለፈው በማርያም ዕለትም አንዱ ብቻ ነበር።»

ታየች ወንፊቱን ገልብጣ መታ መታ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ካየሁ ሌላም ያያል። ቤቴ የሚመጣው ሁሉ ጠላ ሊጠጣ ብቻ አይደለም የሚመጣው» ብላ ሄደች።

ማስጠንቀቂያ ይሁን ማስፈራሪያ ለመለየት መዲና እስከ ማታ አሰበች። በመጨረሻ «ክፋት ብታስብ ኖሮ ቀድማ ለኛ ባልነገረችን» አለች። ያም ሆኖ ነገሩ እውነት ነበር። ሻሹና ስሙ የሸፈኗትን ያለምወርቅን እሑድ ሊያጋልጣት ነው።

ለያለምወርቅ የነገረቻት አስያ ናት። በቅንነት፣ ነገሩ ቀላል መስሏት «እሑድ እሑድ ትንሽ ብትፈትዪ ምን ይልሻል? ለማስመሰል ያህል ብቻ» አለቻት።

ያለምወርቅ የያዘችውን ባዘቶ ከጭኗ ላይ አንሥታ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ያባቴ ቤት ተቃጥሏል» አለች። «በሬዎቹ ተነድተዋል። ስሜን ለውጫለሁ፤ ማተቤን ደብቄያለሁ። ከቤታችን ይዤው የመጣሁት ነገር እሑድ ብቻ ነው፤ አስያ። እሱን አትውሰጂብኝ።»

«እኔ ነኝ የምወስድብሽ? አባቴ በአንቺ ምክንያት ቢታሰርስ?»

ይህን እንደተናገረች አስያ አፏን በእጇ ያዘች። በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። በማግስቱ ግን ያለምወርቅ ልትሄድ የራሷን ትንሽ ጨርቅ ጠቅልላ ከበሩ አጠገብ ማስቀመጧን አስያ አየች።

በዚያ ጧት አስያ ወደ ቁርአን ቤት ስትሄድ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ታሰላስል ነበር። እኔስ በጁምዓ፣ በሶላት ሰዓት፣ እንዝርት አሹሪ ብባል? ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀች።

«እሑድ መማር ይከለከላል?»

«ምን?»

«በእሑድ ዳዊት ማንበብ ሥራ ነው ወይ ብዬሻለሁ።»

«ማንበብማ የእሑድ ነው» አለች ያለምወርቅ።

«እንግዲያው እሑድና በበዓልሽ ሁለታችንም አንፈትልም። እክፈፉ ሥር ተቀምጠን እንማራለን። እኔ ቁርአኔን አሰማለሁ፤ አንቺ በሎህ ላይ የራስሽን ጽፈሽ በልብሽ ታነቢያለሽ። ከአጥር ወዲያ ለሚያይ የአክስቴ ልጅ እየቀራች ነው።»

መዲና ተስማማች፤ የሚቀረውን ፈትል እኔ አካክሰዋለሁ አለች። የቀረው አንድ ሎህ ማግኘትና የሼሁ ፈቃድ ነበር፤ ቁርአን በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ አስያን ከብዷታል።

ሼህ አብዱልቃኒ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። አስያ ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቃ «ሼሁ፣ የአክስቴ ልጅ አማርኛ ፊደል ታውቃለች። ሎህ ላይ ልትጽፍበት ብትፈልግ ነውር አለው?» አለቻቸው።

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ጥቂት ገፉ።

«ሎሁን ስታጥቢ ውኃውን የት ነው የምትደፊው?»

«እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከወይራው ሥር።»

«የሷንም እዚያው ድፊው» አሉ። ተነሥተውም ከጓዳቸው ጠርዙ የተሸረፈ አሮጌ ሎህ አምጥተው ሰጧት። አስያ ያን ጊዜ ሼሁ ሁሉንም እንደሚያውቁ ገባት። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ግን አልጠየቀችም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ እሑድ፣ ከምሽጉ ሰዎች መጥተው የየቤቱን ሰው መመዝገብ ጀመሩ። አብዱረዛቅ ሱቅ ነበር። ወደ ግቢው የገቡት አንድ አስተርጓሚና አንድ ጠመንጃ የያዘ አስካሪ ናቸው። ሁለቱ ልጃገረዶች እክፈፉ ሥር ነበሩ። አስያ ታሰማለች፤ ያለምወርቅ ሎሁ ጭኗ ላይ ነው። ሎሁ ላይ ያለው ጥርት ያለ የግዕዝ ጽሑፍ ነበር።

አስያ ድምፅዋን አላቋረጠችም። ብታቋርጥ ዳግም መጀመር እንደማትችል ታውቃለች። ያለምወርቅ ሎሁን ወደ ደረቷ አስጠግታ አቀፈችው።

«እቺ ማናት?» አለ አስተርጓሚው።

«የእህቴ ልጅ ዘይነባ» አለች መዲና። «ከወሎ መጥታ ነው።»

«ምን ትማራለች? ሰሌዳውን አሳዪኝ።»

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ያን ጊዜ አስካሪው ክንዱን ያዘው። ከየት አገር እንደመጣ አይታወቅም፤ አማርኛው የተሰባበረ ነበር። «ተው» አለው። «ቁርአን ሲቀራ አይቋረጥም።» ራሱም አስያ እስክታቆም ሊጠብቅ ቆመ። አስያ አላቆመችም። ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ተሻገረች። አስተርጓሚው ሰለቸውና «አራት ሰው» ብሎ መዝግቦ ወጣ፤ አስካሪውም ተከተለው።

ከሄዱ በኋላም አስያ ትቀራ ነበር። መዲና ትከሻዋን ይዛ አስቆመቻት። ከየት ጀምራ የት እንዳደረሰችው ኋላ ላይ ማስታወስ አልቻለችም። ያለምወርቅ ሎሁን ከደረቷ ስታነሣ ቀለሙ በላቧ ረጥቦ ነጠላዋ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ ታትሞ ነበር። ነጠላውን ያጠበችበትን ውኃ ማንም ሳይነግራት ወስዳ ከዛፍ ሥር ደፋችው።

አስያን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ያን ቀን የቀራችው ለአላህ ነው ወይስ ለአስተርጓሚው? በማግስቱ ለሼሁ ነገረቻቸው። ሰምተዋት ሲያበቁ «ሎሁን አንሺና ካቆምሽበት ቀጥይ» ብቻ አሏት። መልስ ይሁን አይሁን አስያ ብዙ ጊዜ አስባበታለች።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ደረቀ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ እንደደረሱና ያለምወርቅን እንደሚጠብቋት አንዲት የታመነች ሴት መጥታ ነገረች። ያለምወርቅ ከእንጨት ሻጮቹ ጋር ተቀላቅላ ወጣች። መዲና ስንቅ ቋጠረችላት። አብዱረዛቅ በሩ ድረስ ሸኛትና «ዘይነባ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ» አላት፤ ሰው ይሰማል ብሎ። እሷም «እሺ አባባ» አለች።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ አስያ አኽትማ፣ ተድራ፣ ደብረ ማርቆስ ገብታ ነበር። እዚያም ግቢዋ ውስጥ ለሴቶች ልጆች ቁርአን ቤት ከፈተች። ጥብቅ አስተማሪ ነበረች ይላሉ፤ ሐሙስ ቀትር ላይ ግን ልጆቹን ሁሉ አስወጥታ በሩን ትቀረቅር ነበር። አንዲት እናት መጥታ «የኔ ልጅ ጨዋታ አትወድም፤ እዚሁ ትቀመጥልኝ» ብትላት፣ «ጨዋታ የማትወድ ልጅ ትምህርቱም ይሰለቻታል። ትውጣ» አለቻት። ከያለምወርቅ የተማረችውን ፊደልም አልረሳችውም፤ የሰፈሩ ልጆች ሲያነቡ ሲሳሳቱ ከምድጃዋ አጠገብ ሆና ታርማቸዋለች።

ያለምወርቅ አባቷን ዳግም አላየችውም። ያጫት ልጅ ግን ከዱር ተመለሰ። ተጋብተው ደብረ ኤልያስ አጠገብ ጎጆ ወጡ፤ ስድስት ልጅ ወለዱ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ ለገበያ መጥታ የአስያን ቤት አጠያይቃ ገባች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ስትስቅ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ይጠፋል። ከሰዓቱን ሙሉ ተጫወቱ።

«ዳዊትሽስ?» አለቻት አስያ።

«በምን ጊዜ? ልጅና ላም እያሉ» አለች ያለምወርቅ። «በቃሌ የያዝሁትን ስፈጭ እላለሁ። መጽሐፉን ከከፈትሁት ቆየሁ።» ሐዘን አልነበረበትም፤ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ነበር የተናገረችው።

የአስያ ልጅ ያን ጊዜ የመንግሥት ተማሪ ቤት ገብታ ነበር። ያለምወርቅ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ይቺስ መቼ ነው የምታርፈው?» ብላ ጠየቀች።

«ቅዳሜና እሑድ። ሁለት ቀን ሙሉ።»

«ሁለት ቀን?» አለች ያለምወርቅ፤ ደንግጣ። «ምን ትሠራበታለች?»

አስያ ልጇን አየቻት። «ትተኛበታለች» አለች።

ሁለቱም እንባ እስኪመጣቸው ሳቁ። ከዚያ ገበያው ሊፈታ ነው ተባለ። ያለምወርቅ ጨው የቋጠረችበትን ስልቻ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ የመንገድ ጓደኞቿ ጥለዋት እንዳይሄዱ እየተጣደፈች ወጣች።